ጅማ ላይ ለመጀመሪያ የአካል ብቃት ውድድር መዘጋጀት፦ ከምዝገባ እስከ ማግስቱ

ለመጀመሪያ ጊዜ የአካል ብቃት ውድድር የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ጉልበት አንሶት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከአቅሙ በላይ ይሮጣል፤ ዳኛው የማይቆጥርለትን እንቅስቃሴ ይደጋግማል፤ አለዚያም ሦስት ቀን ሲቀረው «እስቲ አንዴ ራሴን ልፈትሽ» ብሎ ተሟጦ ይመጣል። ሦስቱም በልምምድ የሚታረሙ ናቸው።

እዚህ የምናየው ሩጫ፣ ፑሽአፕ (በእጅ መሬት ገፍቶ መነሳት)፣ ፑልአፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እና በርፒ (መሬት ላይ ተኝቶ፣ ተነስቶ መዝለል) ተቀላቅለው በሰዓት ወይም በቁጥር የሚዳኙበትን ውድድር ነው። ብዙ ዕቃ ስለማይጠይቅ ለጀማሪም ለአዘጋጅም የሚቀለው ይኸው ነው። የሰውነት ቅርፅ የሚታይበት የቦዲ ቢልዲንግ መድረክ ሌላ ዓለም ነው፤ ልምምዱም አመጋገቡም ስለሚለይ አንገባበትም።

ከመመዝገባችሁ በፊት

«ውድድሩ ከባድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ውጤቱ የሚለካው በጊዜ ነው ወይስ በቁጥር? የጊዜ ገደብ አለው? ፑሽአፕ ላይ ደረት መሬት መንካት አለበት ወይስ ክርን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ይበቃል? ፑልአፕ ላይ አገጭ ብረቱን ካለፈ ይቆጠራል ወይስ ወደ ታች ሲመለሱ ክርን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት? በእግር ተወናጭፎ መውጣትስ ይፈቀዳል? ስኳት ላይ ዳሌ ከጉልበት በታች መውረድ አለበት? በርፒ ላይ ዘሎ ከጭንቅላት በላይ ማጨብጨብ አለ? የሚነሳ ክብደት ካለ ስንት ኪሎ ነው፤ ለሴትና ለወንድስ ይለያል? ጓንት ይፈቀዳል? መልሱን በቴሌግራም ወይም በወረቀት ያዙት። በቃል የተነገረ ሕግ በውድድሩ ጠዋት «እሱማ ተቀይሯል» ሲባል ያስቸግራል።

ምድቡ በክብደት የሚከፈል ከሆነ አሁን ባላችሁ ኪሎ ግቡ። በላብና በረሃብ ሁለት ሦስት ኪሎ አውርዶ ታች ምድብ መግባት ልምድ ያላቸውንም ያደክማል። በሁለት ቀን ውስጥ የሚወርደው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ውሃ ማጣት ብቻውን ረዘም ያለ ጥረትን ያዳክማል፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.3 ኪሎ መሆኑ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ግፊታችሁን ተለኩ። በተደጋጋሚ ከ140 በ90 በላይ ከሆነ፣ ስትሮጡ ደረታችሁን የሚያጣብቃችሁ ወይም ራሳችሁን የሚያስታችሁ ከሆነ፣ ከቤተሰብ መካከል በወጣትነቱ በድንገት በልብ የሞተ ሰው ካለ፣ ሐኪም ሳያያችሁ ጠንካራ ልምምድ አትጀምሩ። አስም ያለበት በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት (ኢንሄለሩን) ከኪሱ አይለይ። ሌላው የአካባቢው ጉዳይ ወባ ነው፤ ትኩሳት ካለ ልምምድ የለም፤ መጀመሪያ የደም ምርመራ ነው። ትኩሳት ባለበት ሰውነትን ማስገደድ የልብ ጡንቻ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ወባ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚጨርስ ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት ትንፋሽ ያጥራል። መድኃኒቱ አልቆ ትኩሳቱ ከጠፋ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ በእርምጃ ጀምሩ።

ቁጥራችሁን እወቁ

አቅምን ማለፍ የሚባለው ነገር አቅሙ ካልተለካ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ደብተር ያዙና አንድ ሳምንት ለመለኪያ ስጡ። በመጀመሪያው ቀን ለ10 ደቂቃ ሰውነታችሁን ካሟሟቃችሁ በኋላ ፑሽአፕ ቅርፁ እስኪበላሽ ድረስ ሥሩ፤ ወገብ ሲወርድ ወይም ደረት ሳይደርስ ሲቀር ቆጠራው እዚያ ያበቃል። 5 ደቂቃ ዕረፉና ፑልአፕ፤ ሌላ 5 ደቂቃ ዕረፉና በ2 ደቂቃ ውስጥ የምትችሉትን ያህል ስኳት። በሦስተኛው ቀን 1 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ ሰዓቱን ጻፉ። ርቀቱን በስልክ ስትለኩ ሁለት ጊዜ ለኩት፤ በዛፍና በሕንፃ መካከል የስልክ ልኬት ይሳሳታል። በተከታታይ ሦስት ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ይህ ቁጥር በኋላ ይጠቅማል፦ በልምምድ መካከል አንድ ቀን ጠዋት ከተለመደው በ8 ወይም በ10 ምት ከፍ ካለ ሰውነታችሁ አላገገመም ወይም በሽታ እየመጣ ነው፤ የዚያን ቀን ልምምድ ቀለል አድርጉት።

አሥሩ ሳምንት

ቀድሞ ስፖርት የነካካ ጀማሪ 10 ሳምንት ይበቃዋል። ጨርሶ ያልነካ 16 ይያዝ። ከዚህ በታች ያለው ፑሽአፕ 20፣ ፑልአፕ 2፣ 1 ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ለሚሠራ ሰው የተሰላ ነው፤ የእናንተ ቁጥር ከተለየ ከፍ ዝቅ አድርጉት።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት በሳምንት አራት ቀን ሥሩ። ሰኞ ፑሽአፕ 5 ዙር፣ በየዙሩ 10 (ከከፍተኛው ግማሽ)፣ በመካከሉ 90 ሰከንድ ዕረፍት፤ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ዙር ላይ አንድ ጨምሩ። ረቡዕ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ቀጥሎ ስኳት 4 ዙር በ20 (በየዙሩ 20 ማለት ነው)። ዓርብ ፑልአፕና በርፒ (5 ዙር በ6)። ቅዳሜ ወይም እሑድ 40 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ። «ቀስ ያለ» የሚባለው አጠገባችሁ ከሚሮጥ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችሉበት ፍጥነት ነው። ቃል በቃል እየቆረጣችሁ የምታወሩ ከሆነ ፈጥናችኋል። የሩጫውን ጠቅላላ ርቀት በሳምንት ከ10 በመቶ ያህል በላይ አትጨምሩ፤ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል፣ የእግር አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። የቅልጥም አጥንት ሕመም የሚመጣው በዚህ ልዩነት ነው።

ፑልአፕ ብዙዎችን የሚያቆማቸው ነው። ሁለት ብቻ የሚችል ሰው ሁለቱን እየደጋገመ ወደ አሥር አይደርስም። በርጩማ ላይ ቆማችሁ አገጫችሁን ከብረቱ በላይ አድርጉ፣ እግራችሁን ልቀቁ፣ ከዚያ በ4 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት 3 ዙር በ3 ይበቃል፣ ቀስ በቀስ 5 ዙር አድርሱት። ከዚህ በላይ አትሂዱ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። በተጨማሪ በወገብ ቁመት ላይ ካለ ብረት ሥር ተኝታችሁ፣ ተረከዝ መሬት ላይ ሆኖ ደረታችሁን ወደ ብረቱ ሳቡ፤ 4 ዙር በ8። ጂም ለመግባት አቅም የሌለው ሰው የኳስ ሜዳ የጎል አግዳሚ ያገለግለዋል፤ ግን መጀመሪያ መወዛወዙን ፈትሹ፣ ያልተተከለ ጎል ሰው ላይ ይወድቃል።

ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ፍጥነትና ድብልቅ ይገባል። ማክሰኞ 400 ሜትር 6 ጊዜ፣ በመካከሉ 90 ሰከንድ በእርምጃ ዕረፍት። የመጀመሪያውና የስድስተኛው ሰዓት ልዩነት ከ5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የመጀመሪያውን ፈጥናችሁታል። ሐሙስ የፑሽአፕና የፑልአፕ ቀን። ቅዳሜ ድብልቅ፦ 400 ሜትር ሩጫ፣ 15 ፑሽአፕ፣ 20 ስኳት፣ 8 በርፒ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ሦስት። አራተኛው ቀን ቀስ ያለ ሩጫ ሆኖ ይቀራል። እሱን ሰልችቶት የሚሰርዝ ሰው በድብልቁ ቀን ሦስተኛው ዙር ላይ ይቀጣል።

ዳገት ለሚፈልግ ጅማ ውስጥ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው መንገድ አለ። ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጀማሪ ሙሉውን መሮጥ አያስፈልግም፤ አንድ ዳገት መርጣችሁ ለ45 ሰከንድ ወደ ላይ፣ በእርምጃ ወደ ታች፣ 6 ጊዜ። ስትወርዱ አትሩጡ። ቁልቁለት ሩጫ ጡንቻው እየተለጠጠ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅት የጭን ሕመም ያመጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባጃጅና የጭነት መኪና ሳይበዛ ጨርሱ፣ በግራ በኩል ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ሩጡ።

ክረምቱን አስቡበት። የጅማ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠናል፤ ቀዩ ጭቃ ጫማ ላይ ሲጣበቅ እርምጃው ይበላሻል፣ ቁርጭምጭሚትም ወለም ይላል። በዝናብ ቀን የፎቅ ደረጃ ተጠቀሙ፦ 3 ፎቅ በፍጥነት መውጣት፣ በእርምጃ መውረድ፣ 8 ጊዜ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሰው፣ ለምሳሌ ከጋምቤላ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፤ ሰዓቱን እስከዚያ አይለካ።

የማይቆጠር ድግግሞሽ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ይበዛል፤ ውድድር ላይ ደግሞ የሚከፈለው እዚህ ነው። 60 ፑሽአፕ የሚጠየቅ ከሆነና ዳኛው ከየስድስቱ አንዱን «አይቆጠርም» ካላችሁ በእርግጥ የሠራችሁት 72 ነው። አሥራ ሁለቱ በነፃ ሄዱ። ጊዜው 18 ሰከንድ ያህል ነው፤ የባሰው ግን የደረትና የክንድ ጡንቻ ለቀጣዩ ዙር የሚያስፈልገውን ማሟጠጡ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በውድድሩ ሕግ ሥሩ። ለፑሽአፕ የታጠፈ ፎጣ ደረታችሁ ሥር አስቀምጡ፤ ደረት ሳይነካው ከተነሳ አልተቆጠረም። ለስኳት ደግሞ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጥሩ ዳኛ ነው፤ ከጉልበታችሁ ዝቅ የሚል ምረጡና ከኋላችሁ አድርጋችሁ መቀመጫችሁ ነካ ሲያደርገው ተነሱ፣ ግን አትቀመጡበት። ተረከዝ ከመሬት ከተነሳ ቁርጭምጭሚታችሁ አይታጠፍም ማለት ነው፤ እግራችሁን በትንሹ ሰፋ፣ ጣቶቹን 20 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ አድርጉ፣ በየቀኑም ለ2 ደቂቃ በጥልቅ ቁጢጥ በሉ። ጉልበት ወደ ውስጥ ከገባ ቁጥሩን ቀንሱ፤ በዚያ ቅርፅ የሚጨመር እያንዳንዱ ስኳት ወደ ሕመም የሚወስድ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ጓደኛ ዳኛ ይሁን። ሊያስደስታችሁ የሚፈልግ ጓደኛ አይሆንም፤ ክፉ ቆጣሪ ፈልጉ። የሚቆጥረው የተሳካውን ብቻ ነው፣ ላልተሳካው የቀደመውን ቁጥር ይደግማል፦ «ሰባት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ»። በውድድሩ ቀን ይህን ስትሰሙ ክርክር አትጀምሩ። «ምኑ ጎደለ?» ብላችሁ በአጭሩ ጠይቁና አስተካክሉ። አቤቱታ ካላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።

በጎን በኩል ስልክ አቁሞ መቅረጽም ይረዳል። መስታወት ፊት የሚነሳ ፎቶ ግን ለማንም አይቆጠርም።

አካሄድ

ጡንቻ ለፈጣን ሥራ የሚያቃጥለው ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ነገር አለው። በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በዕረፍት ግማሹ በ30 ሰከንድ ያህል ይመለሳል፣ ሙሉ ለመሆን ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ እስኪያቅታችሁ ድረስ አትሥሩ። ሳያቅታችሁ ያቆማችሁበት ዙር 7 ሰከንድ ዕረፍት ይበቃዋል፤ እስኪያቅታችሁ የሄዳችሁበት 40 ሰከንድም አይበቃውም።

በቁጥር እንየው። ውድድሩ 3 ዙር ነው እንበል፤ በእያንዳንዱ 400 ሜትር ሩጫ፣ 20 ፑሽአፕ፣ 30 ስኳት፣ 10 በርፒ። ተወዳዳሪው ከስምንት ሳምንት ልምምድ በኋላ በአንድ ትንፋሽ 32 ፑሽአፕ ይሠራል፤ 400 ሜትርን ትኩስ ሆኖ በ1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ይሮጣል። ይህ ሰው ሩጫውን በ1 ደቂቃ ከ55 ይሩጥ። 20ውን ፑሽአፕ በአንዴ መሥራት ይችላል፣ ግን አይሥራው፤ 8፣ 7፣ 5 አድርጎ ይክፈለው፣ በመካከሉ ሁለት ጊዜ 7 ወይም 8 ሰከንድ ይረፍ፤ ድምሩ 45 ሰከንድ። ስኳቱን ሳይቆም በ60 ሰከንድ፣ በርፒውን አንዱን በ5 ሰከንድ ሒሳብ በ50 ሰከንድ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር 15 ሰከንድ። አንድ ዙር 4 ደቂቃ ከ45፤ ሦስቱ 14 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ይኸው ሰው በጭብጨባ ተነድቶ የመጀመሪያውን ዙር በ3 ደቂቃ ከ50 ከጨረሰ፣ ሁለተኛው 5 ደቂቃ ከ20፣ ሦስተኛው 6 ደቂቃ ከ20 ሊሆን ይችላል፤ ድምሩ 15 ደቂቃ ከ30። ቀድሞ የተጀመረው 55 ሰከንድ በእጥፍ ተመልሶ ተከፈለ።

የመጀመሪያው ዙር «ምነው ቀለለኝ» የሚያሰኝ መሆን አለበት። ሰው ይቀድማችኋል፤ ይቅደም። በርፒ ላይ በሁለቱም እግር ዘሎ ከመነሳት አንድ እግር ከዚያ ሌላውን እየሰበሰቡ መነሳት፣ ሕጉ ከፈቀደ፣ የልብ ምትን ያሳርፋል። ስትወርዱ ትንፋሽ አስገቡ፣ ስትነሱ አስወጡ፤ ትንፋሽ ይዞ መሥራት በሁለተኛው ዙር ማዞር ያመጣል። ከበርፒ ወደ ሩጫ ስትገቡ የመጀመሪያዎቹን 50 ሜትር አጭር እርምጃ ሂዱ። ትርፍ ጉልበት ካላችሁ የሚወጣው በሦስተኛው ዙር ከስኳቱ ጀምሮ ነው። የራስን ቁጥር ማለፍ የሚሆነው እዚያ ነው።

9ኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ይህን አካሄድ በሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተለማመዱት፤ በውድድሩ ሰዓት፣ በውድድሩ ጫማ፣ በውድድሩ ቁርስ።

ምግብ፣ ቡና፣ ጾም፣ ጫት

በልምምድ ወራት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.4 እስከ 1.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፤ ለ65 ኪሎ ሰው ከ91 እስከ 117 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የተቀቀለ ምስር 18፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7 ግራም ያህል አለው። በቆርቆሮ የሚሸጥ ዱቄት ግዴታ አይደለም፤ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ደግሞ ባይገዛ ይሻላል። የእንጀራ፣ የዳቦ፣ የድንችና የጎደሬ ኃይል ሰጪ ምግብ አትቀንሱ፤ ሩጫው የሚሄደው በእሱ ነው።

በአጽዋማት ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠንካራውን ቀን ከሰዓት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያድርግ፣ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ኦቾሎኒ በአንድ ቀን ውስጥ እየተቀያየሩ ከቀረቡ ፕሮቲኑ ይሟላል። በረመዳን ጠንካራው ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሁን፤ ከኢፍጣር በፊት ያለው ሰዓት ለቀላል እርምጃና ለማፍታታት ነው። በጾም ወር ቁጥር ለመጨመር አትሞክሩ፣ ያለውን ያዙ። ውድድሩ በጾም ወቅት የሚውል ከሆነ ሌላውን መጠበቅ ያዋጣል።

ቡና አገር ላይ ስለ ቡና ዝም ማለት አይቻልም። ካፌይን በረጅም ጥረት ላይ በእርግጥ ይረዳል፤ ከውድድሩ 1 ሰዓት በፊት አንድ ወይም ሁለት ስኒ፣ ለለመደ ሰው። አቦሉን ጠጥታችሁ ሦስተኛውን ተዉት፤ ልብን ያስቸኩላል፣ ሆድንም ያንቀሳቅሳል፣ የመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ደግሞ በውድድር ቀን ረጅም ነው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ የብረት ማዕድን እንዳይዋሃድ ስለሚከለክል፣ በተለይ ሴቶች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ያርቁት።

ጫት ረሃብን ያጠፋል፣ እንቅልፍን ይወስዳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሦስቱም ከልምምድ ጋር አይሄዱም። በተጨማሪ ውስጡ ያለው ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር በሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ በውድድር ጊዜ የተከለከለ አበረታች ነው። የመንደር ውድድር ላይ ማንም ሽንት ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ ከፍ ወዳለው ደረጃ ስትሄዱ ግን «ባህል ነው» ብሎ ማስረዳት አያድንም።

የመጨረሻው ሳምንትና ቀኑ

10ኛው ሳምንት የልምምድ መጠን በግማሽ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ግን አይቀንስም። ለምሳሌ 400 ሜትር 6 ጊዜ የነበረው 3 ጊዜ ይሆናል፣ በዚያው ሰዓት። የመጨረሻው ጠንካራ ቀን ከውድድሩ አምስት ቀን በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ልምምድ ለውድድሩ አይደርስም፤ የሚደርሰው ድካሙ ብቻ ነው። «ሰውነቴ ፈዘዘ» የሚል ስሜት ይመጣል፤ የተለመደ ነው፣ አትታለሉ።

ጫማው አዲስ አይሁን። ሳልባጅም ቢሆን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሮጣችሁበት፣ ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ያለው ይሁን። መዳፍ ላይ የደነደነውን ቆዳ ከሦስት ቀን በፊት በሞረድ አለስልሱ፤ ፑልአፕ ላይ የሚቀደደው የተነሳው ቆዳ ነው። ለላብ የእጅ ማግኒዥየም (መዳፍ እንዳያንሸራትት የሚቀባ ነጭ ዱቄት) ካልተገኘ ደረቅ ፎጣ ይሻላል፤ የሕፃን ፓውደር ያንሸራትታል።

ዋዜማውን ጥሬ ሥጋ፣ ዱለት፣ ቅቤ የበዛበት ምግብና በርበሬ የጠና ሽሮ ይቅር። በቀኑ 3 ሰዓት ሲቀረው ዳቦ በማርና ሁለት እንቁላል፣ ከ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር። 1 ሰዓት ሲቀረው ግማሽ ብርጭቆ ቀጭን በሶ ወይም አንድ ሙዝ፣ በልምምድ የሞከራችሁት ከሆነ። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን «እንዳያመኝ» ተብሎ ቀድሞ አይዋጥም፤ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። የፑልአፕ ብረቱን ውፍረትና ከፍታ እዩ፣ ወለሉ ያንሸራትት እንደሆነ በጫማ ፈትሹ፣ የሩጫው መታጠፊያ የት እንደሆነ በእግራችሁ ሂዱበት። ሰውነት ማሟሟቂያው 20 ደቂቃ ነው፦ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 4 ደቂቃ ትከሻና ዳሌ ማፍታታት፣ ከዚያ 5 ፑሽአፕ፣ 10 ስኳት፣ 3 በርፒ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻ 60 ሜትር ፈጠን ያለ ሩጫ 2 ጊዜ። ተራችሁ ሊደርስ 8 ደቂቃ ሲቀረው ጨርሱ። ተራው ከዘገየ፣ ብዙ ጊዜም ይዘገያል፣ ሹራብ ልበሱና በየ5 ደቂቃው ለ1 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። ፀሐይ ላይ ቆሞ የሌሎችን ውድድር ማየት ጉልበት ይበላል።

በመካከል ጭን ሲቃጠል፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ክንድ ሲከብድ መቀጠል ይቻላል። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም፣ ደረት መጨነቅ፣ የዓይን መጋረድ፣ በሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ ግን ቁሙ። ይህ የድፍረት ጉዳይ አይደለም።

ከጨረሳችሁ በኋላ

መስመሩን አልፋችሁ መሬት ላይ አትዘረሩ። እግር ሥራ ሲያቆም ደም ወደ ታች ይከማቻል፣ ማዞርና ራስን መሳት የሚመጣው በዚያ ነው፤ ለ5 ደቂቃ ተራመዱ። ውሃ ጉንጭ ጉንጭ እያላችሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምግብ ብሉ።

ከዚያ ለሦስት ቀን ሽንታችሁን ተመልከቱ። የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። ነገር ግን ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ክንድ ወይም ጭን አብጦ ከጠነከረ፣ ክንድ መዘርጋት ካቃተ፣ የጡንቻ ሴሎች ፈርሰው ይዘታቸው ወደ ደም እየገባ ኩላሊትን ሊያዘጋ ይችላል። ለጀማሪ ይህ የሚደርሰው በተለይ ያልለመደውን ብዙ ፑልአፕና ቀስ ብሎ የመውረድ ልምምድ በአንድ ቀን ሲሠራ ነው፤ 5 ዙር ብለን የገደብነው ለዚህ ነው። በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ለሐኪሙ ምን እንደሠራችሁና መቼ እንደሆነ በግልጽ ንገሩ፣ ማስታገሻ አትውሰዱ።

ሁለት ቀን እርምጃ ብቻ፣ ቀጣዩ ሳምንት ቀስ ያለ ሩጫ። የየዙሩን ሰዓት ከዳኛው ወይም ከተቀረጸ ቪዲዮ ወስዳችሁ ደብተር ላይ አስፍሩ፦ ሩጫው ስንት፣ ፑሽአፑ ስንት፣ ቆማችሁ ያረፋችሁት ስንት፣ ያልተቆጠረው ስንት። በ10ኛው ቀን የመጀመሪያውን መለኪያ በዚያው ቅደም ተከተል ድገሙት። ለሚቀጥለው ውድድር የምታነሱት ቁጥር አንድ ብቻ ይሁን፤ ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ከ20 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ሩጫውን፣ ካልዘገየ ፑሽአፑን።